«አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» ልበለው? የሦስተኛ ክፍል መዝሙር ጉዳይ

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ቢ አስተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ መንግሥት ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው። የተመረቅኩት በአማርኛ ነው። ዘንድሮ ግን የክወናና የእይታ ጥበባት መምህር ጠፋና «አንቺ ድምፅ አለሽ፣ ትችያለሽ» ተብሎ የሦስተኛ ክፍል ላዬ ላይ ተጣለ። ድምፅ አለሽ ያሉኝ ሰልፍ ላይ ስጮህ ስለሚሰሙኝ ይመስለኛል።

መጽሐፉ ክፉ አይደለም። ሥዕሉም ቴአትሩም ብዙ አላስቸገረኝም። ችግሬ መዝሙሩ ነው። ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ልጆች አሉ፣ ሳዘምራቸው 20 የሚሆኑት ዜማውን ይዘው ይሄዳሉ፣ ከቀሩት ግማሹ ይጮሃል ግማሹ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ መስኮት መስኮት ያያል፣ አንድ ልጅ ደግሞ አለ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ድምፅ፣ ወፈር አድርጎ፣ ደስ ብሎት፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ የሚዘምር። ዜማው ቢወጣ ቢወርድ እሱ ንቅንቅ የለም።

ዳይሬክተራችን ለዓመቱ መዝጊያ የወላጆች በዓል ክፍሉ መዝሙር ያቅርብ ብለዋል። አንዷ ባልደረባዬ «እሱንና መሰሎቹን ከኋላ አቁሚያቸው፣ አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሱ» አለችኝ። እሷ እንደዚያ ነው የምታደርገው። ቀላል ነው፣ አውቃለሁ። ግን ልጁ መዝሙር እንዴት እንደሚወድ ብታዩት! አፌ አልታዘዝ አለኝ።

እስቲ ሙዚቃ የምታውቁ ንገሩኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ይስተካከላል ወይስ ተፈጥሮ ነው? ኪቦርድ የለኝም። ያለኝ ስልኬና የክፍሉ ጠረጴዛ ነው።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ፣ ሙዚቃ የሚደርሰው ሁልጊዜ ለቅን ሰው ነው።

እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ደረቅ ነኝ። የወላጆች በዓል ዝግጅት ነው፣ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያየው። 20 የሚዘምሩልሽ ልጆች ካሉ እነሱን አዘምሪ። ሌሎቹ ይጨብጭቡ፣ እስክስታ ይውረዱ፣ ግጥም ያንብቡ። ሁሉም ልጅ ሁሉንም ነገር መሥራት አለበት የሚለው የዛሬ ፈሊጥ አይገባኝም። የትምህርት ቤቱን የኳስ ቡድን ስንመርጥ ማንም አኩርፎ አያውቅም።

ግን «አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» የሚለውን እኔም አልወደውም። ልጅን ማስመሰል ማስተማር ነው። እንደዚያ ከምትይው ከበሮ ስጪው። ጮክ ብሎ የሚዘምር ልጅ ብዙ ጊዜ ምቱን አይስትም።

መልስ፦ የክራር ልጅ

ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት፣ አሁን ልጆች አስተምራለሁ። ጋሼ፣ ከበሮው ላይ እስማማለሁ፣ ምርጫው ላይ ግን አልስማማም፣ ምክንያቱም የኳስ ቡድን የትምህርት ክፍለ ጊዜ አይደለም። ሙዚቃ ደግሞ እንደ ሒሳብ በፕሮግራም የተያዘ ትምህርት ነው። ማባዛት ያልገባውን ልጅ «ዝም ብለህ የምትጽፍ ምሰል» አንለውም።

ቲቸር፣ ወደ አንቺ ልምጣ። መዝሙሩን የምትጀምሪው ከየት ነው? ስለ ግጥሙ አይደለም የምጠይቅሽ፣ ስለ ድምፁ ከፍታ ነው። ስልክሽ ላይ ነፃ የፒያኖ አፕ አውርጂና የምትጀምሪበትን ድምፅ ፈልጊው። አብዛኛው አስተማሪ ለራሱ ጉሮሮ ከሚመቸው ይጀምራል፣ ያ ደግሞ ለልጅ ዝቅ ያለ ነው። የስምንት ዘጠኝ ዓመት ልጅ ተመችቶት የሚዘምረው በግምት ከመሃለኛው ዶ (አፑ ላይ C4 የሚለው) ቀጥሎ ካለው ሬ አንስቶ እስከ ላ ድረስ ባለው ነው። ከዚያ በታች ስትወርጂበት ልጁ መዝሙሩን ይተውና መናገር ይጀምራል፣ ወይም ይጮሃል። ወንድ አስተማሪ ሲሆን ይብሳል፣ እሱ አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ያህል) ዝቅ ብሎ ነው የሚዘምረው፣ ግማሹ ክፍል የእሱን ጎርናና ድምፅ ለመያዝ ይታገላል። ስለዚህ ልጆቹን ከመውቀስሽ በፊት የምትጀምሪበትን ድምፅ ከፍ አድርጊው። ለአንቺ ትንሽ ከፍ ያለ ሲመስልሽ ለእነሱ ልክ መጥቷል ማለት ነው።

አሁን ስለ ልጁ። እውነተኛ «ዜማ የማይሰማው» ሰው በጣም ጥቂት ነው። በዚህ ዕድሜ ብዙ ልጅ ድምፁን ገና አላገኘውም። የአንቺ ልጅ በሚናገርበት ድምፅ ነው የሚዘምረው። ድምፁ ወደ ላይ መውጣት እንደሚችል ማንም አላሳየውም። እኔ የምጀምረው በእልልታ ነው። ክፍሉን በሙሉ እልል አሰኛለሁ፣ ወንዶቹ መጀመሪያ በሳቅ ይሞታሉ፣ ግን ሁሉም ሳያውቁት ላይኛው ድምፃቸው ላይ ወጡ ማለት ነው። ከዚያ ያንኑ ከፍታ በቀጭን «ኡ» እንይዘውና ቀስ እያልን ወደ ታች እናወርደዋለን፣ መልሰን እንወጣለን። ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ከዚያ ለብቻው፣ እረፍት ሰዓት ላይ፣ ሌላ ልጅ ሳይኖር፣ የፈለገውን ድምፅ ያውጣ። አንቺ የእሱን ድምፅ ፈልገሽ ያዢለት። እሱ አንቺን እንዲይዝ አትጠብቂ፣ አንቺ እሱን ያዢው። ሁለት ድምፅ ሲገጥም ምን እንደሚመስል ብዙዎቹ ሰምተው አያውቁም፣ ሲሰሙት ፊታቸው ላይ ይታወቃል። ከገጠማችሁ አንድ እርምጃ ወደ ላይ ሂጂና ይከተልሽ። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየሠራችሁ ከቆያችሁ ብዙው ልጅ ይመጣል። ሲዘምር ደግሞ ዜማ በሚይዙ ሁለት ልጆች መሃል አቁሚው። ኋላ ከተገፋ የሚሰማው የሌሎቹን ጩኸት ብቻ ነው።

የመዝሙር ምርጫ፦ ከዶ ሬ ሚ ሶል ላ የማይወጣ ፈልጊ። ይሄ ከእኛው ቅኝቶች አንዱ፣ ትዝታ ሜጀር ነው፣ ጆሯቸው ቤት ውስጥ ለምዶታል። የሃንጋሪው የሙዚቃ ደራሲና አስተማሪ ኮዳይም ልጆችን በእነዚሁ አምስት ድምፆች ያስጀምር ነበር፣ መጀመሪያ መዝሙር፣ መሣሪያ በኋላ ነው የሚለው። አንቺሆዬ የሚባለውን ቅኝት ለጊዜው ተይው፣ ትልቅ ሰውንም ያንገዳግዳል።

መልስ፦ የደብሩ ልጅ

እኔ ሙዚቃ በኖታ አልተማርኩም፣ ያደግኩት ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ግን የዜማ ቤት አስተማሪዎች እንዴት እንደሚያስተምሩ አይቻለሁ። መሪጌታው አንዲቱን ሐረግ ይላታል፣ ተማሪው ይላታል፣ ካልያዛት ደግመው ይሏታል፣ አሁንም ካልያዛት አሁንም። ሙሉውን ዜማ ከላይ እስከ ታች አዚሞ «በሉ አሁን እናንተ» የሚል የለም። እኛ ትምህርት ቤት ግን መዝሙር ስንማር ሙሉውን ሰሌዳ ላይ ይጽፉልን ነበር፣ የሚያነብ ያነባል፣ ዜማውን ማንም አያስታውስም። መምህርት፣ ሰሌዳውን ተዪው። በጆሮ፣ ሐረግ በሐረግ። ከቅዱስ ያሬድ ጀምሮ እየዞረ የመጣ ዘዴ ነው፣ ሦስቱ የዜማ ዓይነቶች፣ ግዕዝ ዕዝል አራራዩ ሁሉ እንዲህ ነው የደረሰን። ካስፈለገ ከእኛ መዝሙሮች ለልጆች የሚሆኑ ቀላል ቀላል አሉ፣ ልልክልሽ እችላለሁ።

መልስ፦ የሁለት ልጆች አባት

ወንድሜ ዘዴህ ግሩም ነው፣ መዝሙሩን ግን ለመንግሥት ትምህርት ቤት ባትልክ ይሻላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ ይሰጣል ይላል። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ የልጄ ክፍል ውስጥ ኦርቶዶክስ አለ ፕሮቴስታንት አለ። አንዴ ለቡሄ ሆያ ሆዬ ካላሉ ተብሎ ወላጅ ከወላጅ ተነታርኮ ነበር፣ ልጆቹ ግን ደንታ አልነበራቸውም፣ የሚያስቡት ሙልሙሉን ነበር።

ስለ ዝናብ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ማባዣ ሰንጠረዥ ይዘምሩ። አውጪና ተቀባይ ያለው ከሆነ ሁሉም ይሳተፋል። ሴቷ ልጄ ስለ ሸማ ሠሪ የተማረችውን ቤት ውስጥ እየዘመረች ሰባትን በስምንት አብዝታ ታውቃለች፣ እንዴት እንደተገናኙ አትጠይቁኝ።

መልስ፦ የሰሚት እናት

ሁላችሁም ስለ ድምፅ ነው ያወራችሁት። ጆሮውን ማን አየው?

የእኔ ልጅ «አይሰማም፣ ልቡ ሌላ ቦታ ነው» ይባል ነበር። ሲዘምርም እንደዚሁ በአንድ ድምፅ። ሕፃን ሆኖ ጆሮው ይመግል ነበር፣ ድኗል ብለን ትተነው ነበር። በኋላ አስመረመርነው፣ አንዱ ጆሮው በደንብ አይሰማም። ሐኪሙ በሰጡት ሕክምና ብዙ ተሻለው፣ ክፍል ውስጥም ቦታው ተቀየረ። ዛሬም ዘፋኝ አልሆነም፣ ግን ይከተላል። መምህርት፣ ልጁን ከኋላው ሆነሽ ዝቅ ባለ ድምፅ ስሙን ጥሪው። ካልዞረ እናቱን አነጋግሪያቸው። ከሰማሽም ወጪ የለውም።

መልስ፦ የሦስተኛ ቢ አስተማሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ዓይነት መልስ አልጠበቅኩም። የሰሚቷ እናት፣ ልጁ የሚቀመጠው መጨረሻው ዴስክ ላይ ነው። ረጅም ስለሆነ ነው ከኋላ የተደረገው። ነገ እንዳልሽው እሞክራለሁ፣ እናቱም ጠዋት ጠዋት በር ድረስ ስለሚያደርሱት አገኛቸዋለሁ።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። አንደኛ፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፣ የክፍሎቹ ግድግዳ ደግሞ ስም ብቻ ነው፣ እልል ስንል ጎረቤት ክፍል እንግሊዝኛ እየተማረ ነው። ሁለተኛ፣ ከ60 ልጅ ማን ያዘ ማን አልያዘ በምን ልወቅ? እያንዳንዱን ላዘምር ብል ሰኔ ይገባል።

መልስ፦ የክራር ልጅ

ለጩኸቱ፦ እልልታውን ሜዳ ላይ በስፖርት ክፍለ ጊዜ አድርጊው፣ የስፖርት አስተማሪው እምቢ አይልም። ክፍል ውስጥ አፍ ገጥሞ በአፍንጫ ማዜም ይበቃል። እንዲያውም ይሻላል፣ አፍ ሲገጠም መጮህ ስለማይቻል አንዱ የሌላውን ድምፅ ይሰማል። ጎረቤት አስተማሪም ንብ ገባ ከማለት ውጪ ቅሬታ የለውም።

ለሁለተኛው፦ ስም ጥሪሽን አዚሚው። ከሶል ጀምረሽ ወደ ሚ ውረጂ፣ እናት ልጇን ከሜዳ ስትጠራ የምታወርደው ዓይነት። «አበበ፣ አለህ ወይ?» ስትዪው በዚያው ዜማ «አለሁ እኔ» ይበልሽ። በቀን አንድ ረድፍ ብቻ፣ የቀሩትን እንደ ወትሮው። ደብተርሽ ላይ ከስሙ አጠገብ ነጥብ አድርጊ፦ ያዘ፣ ተጠጋ፣ ገና። ውጤት እንዳይመስላቸው ግን ለማንም አታሳዪ። ልጁ ማንም ሳያፈጥበት መልመድ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፣ ሁለት ድምፅ ብቻ ነው የሚጠየቀው፣ ሁሉም ተራው ይደርሰዋል።

ለወላጆች በዓል ደግሞ መዝሙሩን አሳጥሪው። አውጪው ዜማ የሚይዙት ይሁኑ፣ ተቀባዩ መላው ክፍል፣ የተቀባይ ሐረግ ከሦስት ድምፅ አይብለጥ። የምትጀምሪበትን ድምፅ ከመድረክ ጀርባ በጆሮ ማዳመጫ ስሚና ገብተሽ አሲዣቸው፣ ሚኒ ሚዲያው ሙዚቃ ሲያጮህ ዜማ ከጭንቅላት ይጠፋል። በቆርኪ የተሠራ ጸናጽል ለጥቂት ልጆች መስጠት ትችያለሽ፣ ቆርኪውን በስታችሁ ሽቦ ላይ መሰካት ነው፣ ጫፉን ግን አጥፊው፣ እጅ ይወጋል።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር

እሺ ምርጫውን ተውኩት። አውጪና ተቀባዩ ጥሩ ነው፣ እኛም እንዲህ እናደርግ ነበር፣ ስሙን አናውቀውም እንጂ።

ከበሮው ላይ ግን አልለቅም። ልጁ እየዘመረም ይምታ፣ ምን ችግር አለው? አንድ ከበሮ ብቻ ይሁን ታዲያ፣ ሁለት ከሆነ አንደኛው መፍጠኑ አይቀርም፣ ከዚያ ዳይሬክተሩ ፊት መዝሙሩ በግማሽ ደቂቃ ያልቃል።