የታሰረው ኢንዛይም በድጋሚ ስጠቀምበት እየደከመብኝ ነው፤ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ላይ የኬሚስትሪ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ሥራዬ 1-ፌኒልኢታኖል የተባለውን አልኮል ወደ ሁለቱ የመስታወት ምስል ቅርጾቹ መለየት ነው። የምጠቀመው ካንዲዳ አንታርክቲካ ከተባለ እርሾ የተገኘ፣ በአክሪሊክ ሬዚን (ፕላስቲክ መሰል) እንክብሎች ላይ የታሰረ ላይፔዝ ቢ የተባለ ኢንዛይም ነው። ቫይኒል አሲቴት ስጨምር ኢንዛይሙ አር የተባለውን ቅርጽ መርጦ ወደ አሲቴት ይቀይራል። ኤስ ሳይነካ ይቀራል። ሁለቱ ቅርጾች ግማሽ በግማሽ ስለሆኑ ኬሚካዊ ምላሹ 50 በመቶ አካባቢ መድረስ አለበት።

በአዲስ ኢንዛይም ቆንጆ ይሠራል። ድጋሚ ስጠቀምበት ግን ምላሹ ከ50 በመቶው ገና ሩቅ ሳለ ቀጥ ይላል። እንክብሎቹም በማግኔቲክ ማማሰያው እየተፈጩ ዱቄት ይሆናሉ። ዋጋው ደግሞ አይቀመስም። ኢንዛይም የሚታሰረው እኮ ተደጋግሞ እንዲሠራ ነው! የጃፓኑ ታናቤ ሴያኩ በጎርጎርዮሳዊው 1969 አሚኖ አሲዶችን በዚህ መንገድ መለየት ሲጀምር፣ የታሰረውን ኢንዛይም ኮለም (ቀጥ ያለ ቱቦ) ውስጥ ሞልቶ ፈሳሹን ያሳልፍበት ነበር።

እኔም እንክብሎቹን በመስታወት ኮለም ሞልቼ ፈሳሹን በስበት ብቻ ባሳልፍ ያዋጣል? ፓምፕ የለኝም። በየዙሩ መሃልስ በምን ልጠባቸው?

ሌላው የሚያሳስበኝ የክረምቱ እርጥበት ነው። ውሃ ከበዛ ኢንዛይሙ ቫይኒል አሲቴቱን ራሱን ይሰባብረዋል። ጭራሽ ከደረቀ ደግሞ ይዳከማል፤ ጥቂት ውሃ ያስፈልገዋልና። ምላሹን የማካሂድበትን ፈሳሽ፣ ሄክሴኑን፣ በሞለኪውላር ሲቭ (ውሃ በሚመጥ ማድረቂያ) ማድረቅ ብቻ ይበቃል?

ሐዋሳም ሆነ አዳማ ይህን የሠራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ። ናሙናዬን ይዤ ያላችሁበት ድረስ እመጣለሁ።