ከጅዳ የመጣው ውክልና አይበቃም አሉኝ፣ ገዢው ነገ ጠዋት ይመጣል

ፖስታ ቤት ሰፈር፦ ወገኖች ድረሱልኝ። አዳማ ያለውን ቤት እንድሸጥላት እህቴ ከጅዳ ውክልና ልካለች። የቆንስላው ማህተም አለው፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይም አስመትቻለሁ። ዛሬ ውሉን ልናስመዘግብ ስንሄድ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «የልጆቹስ?» ብላ መለሰችኝ። ጎረቤቴ አምና በእንዲሁ ዓይነት ወረቀት ሸጧል! ምን ተቀይሮ ነው? ቀብድ በልተናል።

ጋሼ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ውክልና ምን እንደሆነ እንረዳ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2204፣ በጠቅላላው የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው ይላል። ቤት ለመሸጥ በ2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። «ማናቸውንም ሥራ» ብቻ የሚል ከሆነ ኪራይ ትሰበስብበታለህ እንጂ አትሸጥበትም።

ባጃጅ፦ ቀብዱን ዋጣችሁት ወይስ ገና እያኘካችሁት ነው?

ፖስታ ቤት ሰፈር፦ «ለመሸጥ ለመለወጥ» በግልጽ ይላል ጋሼ።

እማማዬ፦ ፋይዳ አለህ? እኔን ዘንድሮ መጀመሪያ የጠየቁኝ እሱን ነው።

ቦኩ፦ ቤቱ በማን ስም ነው? ልጆቹስ የማን ናቸው?

ፖስታ ቤት ሰፈር፦ በባሏ ስም። አምና አረፈ። የ9 እና የ14 ዓመት ልጆች አሏት፣ እኔ ጋ ናቸው።

ቦኩ፦ ወይ አንተ! ይሄን ነበር ቀድመህ መጻፍ። ምንም አልተቀየረም፣ ጎረቤትህ የሸጠው የወካዩን የራሱን ቤት ይሆናል።

ባጃጅ፦ ሟቹ በሕይወት እያለ የሰጠህ ውክልና ካለ በሱ ጨርሳት።

ጋሼ፦ አታሳስተው! ወካይ ሲሞት ውክልናውም ያበቃል፣ 2232።

ቦኩ፦ ቤቱ በጋብቻ የተፈራ ከሆነ ግማሹ የእህትህ ነው። የሟች ድርሻ ግን ኑዛዜ ከሌለ የልጆቹ ነው፣ ሚስት ባሏን አትወርስም። እናታቸው ሞግዚታቸው ብትሆንም የልጅ ቤት ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ አትሸጥም። ስለዚህ የወራሽነት ማስረጃ፣ የሞግዚትነት ማረጋገጫ፣ ከዚያ የመሸጥ ፈቃድ። አዲሱ ውክልናም «ስለ ራሴና በሞግዚትነቴ ስለ ልጆቼ» ማለት አለበት። ገዢውን ዛሬ ማታውኑ ቀን አስረዝመው፣ በጽሑፍ። ቀብድ ተቀብሎ የቀረ እጥፉን ነው የሚመልሰው።

ፖስታ ቤት ሰፈር፦ እጥፉን?!

ባጃጅ፦ ማኘክ አቁሙ በላት።

ፖስታ ቤት ሰፈር፦ ፍርድ ቤት እሷ መምጣት አለባት? አሠሪዋ አይለቃትም።

ቦኩ፦ ውክልናው «ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲከራከር» የሚል ካለው ወንድሟ ስለሆንክ ለእሷ መቅረብ ትችላለህ። ሞግዚቷ ግን እሷው ነች፣ በራስህ ስም እንዳትጠይቅ።

እማማዬ፦ ፋይዳውን አትርሳ ብያለሁ።

ባጃጅ፦ ፖስታ ቤት፣ ሦስት ቀን ሆነ። ሰውዬው መጣ?