የካናዳርም ሲሙሌተር፦ ለሙዚየሙ የምናቀርበውን ሀሳብ አብረን እንጻፍ

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን አንድ ነገር ላይ ተስማምተናል። ልጆቻችን በአማርኛ እየተመሩ የመንኮራኩር ሮቦት ክንድ የሚያንቀሳቅሱበት ሲሙሌተር (እውነተኛውን የሚያስመስል መለማመጃ) እንጠይቅ ብለናል። ቦታው እዚሁ ኦታዋ የካናዳ አቪዬሽንና ስፔስ ሙዚየም ቢሆን ደስ ይለኛል። ኢንዴቨር በተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ላይ ያገለገለው ካናዳርም፣ ማለትም ካናዳ የሠራችው የሮቦት ክንድ፣ የሚታየው እዚያ ነው። ልጁ ስክሪን ላይ ያንቀሳቀሰውን ክንድ ዞር ብሎ በዓይኑ ያየዋል። ጨዋታው ምን ይምሰል? ሀሳብ አዋጡ።

ተማሪው፦ ሰዓት ይኑረው። በክንዱ ሳተላይት ቶሎ የያዘ ያሸንፍ። ፉክክር ከሌለ ልጆች ቶሎ ይሰለቻሉ።

መሐንዲሱ፦ ወንድሜ፣ ፉክክሩ ይኑር፤ የፍጥነት ግን አይሁን። እንዲህ ያለው ክንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ኮሎምቢያ በተባለችው መንኮራኩር ላይ ሆኖ መጀመሪያ ወደ ሕዋ ሲወጣ 15 ሜትር የሚረዝም ቀጭን ነገር ነበር። ባዶውን በሰከንድ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ጭነት ሲይዝ ግን 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ! ሕዋ ላይ ዕቃው አይከብድም፤ መጠነ ቁሱ ግን አብሮት አለ። አንዴ ከተንቀሳቀሰ በቀላሉ አይቆምም፤ ክንዱም ይወዛወዛል። ልጆቹ ይህን በእጃቸው ካልቀመሱ ሌላ የቪዲዮ ጌም ሰጠናቸው ማለት ነው።

እጀታዎቹ ሁለት ይሁኑ። የግራው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ጎንም ይወስዳል፤ የቀኙ ያዞራል። እውነተኛውም እንደዚያ ነው። አያያዙን ደግሞ አደራ! ጫፉ ላይ ጣት የለም። ክብ አፍ ነው፤ ውስጡ ሦስት የሽቦ ገመዶች አሉ። ሳተላይቱ ላይ ያለው ዘንግ ወደ አፉ ሲገባ ገመዶቹ ተጠምዝዘው ያንቁታል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ይስቡታል። ይቺ ቅጽበት በቅርበት ትታይ።

አማርኛ መምህርቷ፦ ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይግቡ። አንዱ እጀታውን ይያዝ። ሌላው የክርኑንና የአንጓውን ካሜራ እያየ «ትንሽ ዝቅ፣ ወደ ግራ፣ ቀስ በል፣ በቃ!» ይበል። ጠፈርተኞችም ክንዱን የሚያንቀሳቅሱት እየተረዳዱ ነው። ክፍል ውስጥ አማርኛ ለመናገር የሚያፍሩ ልጆች አሉኝ። እዚህ ግን ካልተናገሩ ሳተላይቱ አይያዝም። ሀሳቡን የወደድኩት በዋናነት ለዚህ ነው።

ተማሪው፦ ገባኝ ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ይሁን። ሰዓቱ ይቅር። ነጥቡ በንክኪው ልስላሴ ይሰላ፤ የገጨ ይቀነስበት። የፕሮግራሙን ሙከራ እኔ እሠራለሁ።

ጸሐፊዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ረቂቁ ላይ እንዲህ አስገብቻለሁ፦ «ሁለት ልጆች፣ ሁለት እጀታ፣ ሁለት ካሜራ፤ ነጥቡ ለጥንቃቄ፤ መመሪያው በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ።» መምህርት፣ የትእዛዝ ቃላቱን ዝርዝር ላኪልኝ። የቀረን በጀቱ ነው። ሂሳብ የሚችል ሰው እስከ እሁድ ይረከበኝ፤ ሰኞ እልከዋለሁ።