ክርክር፦ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ዋና ይማር ወይስ ይቆይ?

የሰባት ወር ልጅ እናት፦
እህቶቼ፣ እስኪ ምከሩኝ። ያለሁት ሰው አገር ነው። ልጄ ሰባት ወሩ። እዚህ የተዋወቅኳቸው እናቶች በሙሉ ልጆቻቸውን ዋና አስጀምረዋል። እናት ልጇን ይዛ ገንዳ ውስጥ ገብታ ግማሽ ሰዓት ትቆያለች። እኔም ልመዘገብ ስል ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። "ወገቡ እንኳ ያልጠና ልጅ! ብርድ ልታስመቺው ነው?" ብላ ተቆጣች። ባለቤቴም ዓመት ይሙላው ይላል። እኔ ራሴ ዋና አልችልም፣ ጥልቅ ውሃ ሳይ ጉልበቴ ይከዳኛል። ላስገባው ወይስ ልተወው?

የሁለት ልጆች እናት፦
አስገቢው እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ? የመጀመሪያዬን የወሰድኩት አራት ዓመት ሲሞላው ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። ሁለተኛዋን በአምስት ወሯ አስጀመርኳት። አሁን ውሃ ፊቷ ላይ ሲፈስ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች፣ ከዚያ ትስቃለች። ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆችን ከምንም በላይ የሚገድላቸው መስጠም ነው። ዋና የለመደ ሕፃን ውሃ ውስጥ ቢወድቅ እንኳ ይተርፋል።

የሕፃናት ነርስ፦
በመጨረሻው ነገር አልስማማም። ብዙ እናት የምትሳሳተው እዚችው ላይ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ድሮ ልጅ አራት ዓመት ሳይሞላው ዋና እንዲማር አይመክርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 አቋሙን አለሳለሰ። በ2019 ደግሞ ከ1 ዓመት ጀምሮ መማር ብዙ ልጆችን ሊጠቅም እንደሚችል ገለጸ። ከዓመት በታች ላለው ግን ትምህርቱ ከመስጠም እንደሚያድን ማስረጃ የለም ይላል። ሕፃን ውሃ ውስጥ እጅና እግሩን ሲያወራጭ የዋኘ ይመስላል። አብሮት የተወለደ ምላሽ ነው፣ በወራት ውስጥ ይጠፋል። አየር ለመሳብ ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ ይዞ መቆየት አይችልም። ስለዚህ ውሰጂው፣ ግን ጨዋታ ነው ብለሽ ውሰጂው።

እናትሽ ብርዱን መፍራታቸው ልክ ነው። ሕፃን ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ወደ 32 ዲግሪ የሞቀ ገንዳ ፈልጊ። መጀመሪያ 10 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ቀስ በቀስ 20። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከተንቀጠቀጠ ሰዓቱ እስኪያልቅ አትጠብቂ፣ አውጥተሽ በፎጣ ጠቅልይው። ተቅማጥ ከያዘው ጭራሽ አትውሰጂው፤ የዋና ዳይፐር ጀርሙን አያስቀረውም። ሕፃን በግድ ውሃ ውስጥ የሚደፍቅ አሰልጣኝ ካየሽ ደግሞ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ። ብዙ ውሃ የዋጠ ሕፃን በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ተዛብቶ ሰውነቱን ሊያንዘፈዝፈው ይችላል።

"ይቆይ" የምል እናት፦
ካላዳነው ታዲያ ምን ያጣድፋል? ሰው አገር ስንኖር ያየነውን ሁሉ ካላደረግን ልጃችን ወደ ኋላ የሚቀር ይመስለናል። ልጄ ኤክዜማ፣ የሚያሳክክ የቆዳ ሕመም፣ ነበረው። ሁለት ጊዜ ወሰድኩት። ሁለቱንም ጊዜ ክርኑ እጥፋት ውስጥ ቀልቶ ሌሊቱን ሲያክ አደረ። ተውኩት። ቤት፣ መታጠቢያው ውስጥ አብሬው እየተጫወትኩ ውሃ አለማመድኩት። በሁለት ዓመቱ ዋና ሲጀምር ጠብታ እንባ አልወጣውም።

የሕፃናት ነርስ፦
ኤክዜማ ካለው ሐኪሙን ማማከር ነው፣ ትክክል አድርገሻል። አንድ ልጨምር፦ ገንዳው ጋ ስትደርሺ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ካለ የንጽሕና ምልክት እንዳይመስልሽ። ውሃውን ከጀርም የሚያጸዳው ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲደባለቅ ነው እንዲያ የሚሸተው።

ውሃ የምትፈራ እናት፦
እስካሁን ስለ ልጁ ነው ያወራችሁት። እናትየዋስ? "ዋና አልችልም" ብላለች፣ ማንም አላነሳውም።

እኔም እንዳንቺው ነኝ። የስምንት ወር ልጄን ይዤ የገባሁ ቀን ውሃው ደረቴ ጋ ደረሰ። በአንድ እጄ የገንዳውን ጠርዝ፣ በሌላው ልጄን ጨምድጄ ያዝኩ። አሰልጣኟ ቀስ ብላ "ጠርዙን ልቀቂው፣ በሁለት እጅሽ ብብቱን ያዢው፣ ፊት ለፊት እይው" አለችኝ። ልጄ ውሃውን አላየም። የሚያየው እኔን ነበር። ግንባሬን ስቋጥር ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ፈገግ ስል ተወው።

ሁለት ወር ከተመላለስን በኋላ ጓደኛችን ቤት ተሰበሰብን። ጓሮው ውስጥ ለልጆች የተነፋች ትንሽ የፕላስቲክ ገንዳ ነበረች። ውሃዋ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ስምንት ትልልቅ ሰዎች አጠገቧ ቆመን ስናወራ ልጄ እየዳኸ ሄዶ በአፍጢሙ ተደፋባት። አልጮኸም። አልተንቦጫረቀም። ዘወር ያልኩት ዝም ስላለብኝ ነው። ብድግ አደረግኩት፣ አሳለው፣ አለቀሰ፣ ተረፈ። የሁለት ወሩ ትምህርት እሱን ምንም አልረዳውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ ባለበት ሁሉ እጄ ከሚደርስበት አይርቅም።

ስለዚህ እህቴ፣ ገንዘቡ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ከሆነ አንቺ ተማሪበት። መዋኘቱንም፣ ትንፋሽ ላጣ ሕፃን የሚደረገውን የመጀመሪያ እርዳታም። እሱ ዓመት ሲሞላው ይደርሳል።

የሁለት ልጆች እናት፦
እናት ብትማር ማን ይጠላል። ይተርፋል ያልኩትንም ትቻለሁ፣ ነርሷ ልክ ናት። ግን ሰው አገር ወልዳ አራት ግድግዳ ስታይ የምትውል እናት አስቡ። እኔ በሳምንት አንድ ቀን ልብስ ቀይሬ ከቤት የምወጣው በዚያ ክፍል ምክንያት ነበር። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ የተዋወቅኳት እናት ዛሬ ስታመም ልጆቼን የምትይዝልኝ እሷ ናት። ይሄ አይቆጠርም?

"ይቆይ" የምል እናት፦
ይቆጠራል። ግን ለሱ መናፈሻም አለ፣ አይከፈልበትም። እኔ አሁንም ይቆይ ባይ ነኝ።

የሴት ልጅ አባት፦
ሁሉም ነገር ለምን እናት ላይ ይወድቃል? ልጄን ቅዳሜ ቅዳሜ የምወስዳት እኔ ነኝ። ባለቤቴ በዚያ ሰዓት ትተኛለች።

የሰባት ወር ልጅ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ለባለቤቴም አነበብኩለት። ገንዳው ጋ ደውዬ ሙቀቱን ጠየቅኩ፣ 32 ነው አሉኝ። ቅዳሜ እሱ ልጁን ይዞ ይገባል፣ ለጨዋታ። እኔ ማክሰኞ ማታ የአዋቂ ጀማሪዎች ክፍል ተመዝግቤያለሁ። ውሃ የምትፈሪዋ እህቴ፣ ጠርዙን ለመልቀቅ ስንት ቀን ፈጀብሽ?