ኦንላይን ትምህርትና የውጭ ተማሪ ብቸኝነት፦ ምከሩኝ

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ለማስተርስ ከአገር ከወጣሁ ገና ሁለተኛ ሴሚስተሬ ነው። ከኮርሶቼ የሚበዙት ኦንላይን ናቸው። ውጤቴ ደህና ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ከክፍሌ አልወጣም። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ጠዋት ደግሞ መነሳት ያቅተኛል። ከቤት ሲደወል "ደህና ነኝ" ብዬ እዘጋለሁ። ሰሞኑን አንድ ሁለት ኮርስ ጥዬ ልረፍ ብዬም አስቤያለሁ። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በረዳት አስተማሪነት ስሠራ ከብዙ የውጭ ተማሪዎች የሰማሁት ይህንኑ ነው። ውጤታቸው ጥሩ ስለሆነ ማንም "ምን ሆናችሁ?" አይላቸውም። ውጤትሽ ደህና ነው ማለት አንቺ ደህና ነሽ ማለት አይደለም።

ስንፍናም አይደለም። የጎደለሽ ከትምህርቱ በፊትና በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ሰው በአካል ሲማር ቀደም ብሎ ይገባና ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር "ያ አሳይመንት ገባህ?" ይባባላል። ሲወጣም ኮሪደር ላይ ያወራል። ጓደኝነት የሚጀመረው እዚያ ነው፤ ማንም ቀጠሮ ይዞ አይጀምረውም። ኦንላይን ሲሆን ግን አስተማሪው ይጨርስና "ጥያቄ ያለው?" ይላል። ሁሉም ዝም። ከዚያ ስም ብቻ የተጻፈባቸው ጥቁር ሳጥኖች ተራ በተራ ይጠፋሉ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ብቻሽን ነሽ። ሴሚስተሩን ሙሉ አብሮሽ የተማረውን ልጅ መንገድ ላይ ብታገኚው አታውቂውም።

ይህ የአገሩንም ልጅ ይጎዳዋል። እሱ ግን ቤተሰቡ ቅርቡ ነው፣ የልጅነት ጓደኞቹም አሉ። ለውጭ ተማሪ ከሰው ጋር የሚገናኝበት ዋናው በር ክፍሉ ነበር። እሱ ሲዘጋ ብዙ ነገር አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ "ሌሎቹ እንዴት ቻሉት?" እያልሽ ራስሽን አትውቀሺ።

ድካሙም የእውነት ድካም ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጄረሚ ቤይለንሰን በ2021 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የቪዲዮ ስብሰባ ለምን እንደሚያደክም አራት ምክንያት አስቀምጧል። የብዙ ሰው ፊት ከቅርብ ሲያፈጥብሽ ይውላል። የራስሽን ፊት ያለማቋረጥ ታያለሽ። እንደልብሽ አትንቀሳቀሺም። በአካል ቢሆን በቀላሉ የሚገባሽን ምልክት ለመያዝም አእምሮሽ ይለፋል። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር ሰው የመጨረሻው ይብሳል። ድምፅ ሲቆራረጥ የአገሩ ልጅ የጠፋውን ቃል ገምቶ ያልፋል። እኛ ግን አንዷ ቃል ስታመልጠን ሐሳቡም አብሮ ያመልጠናል። ዙም ላይ ሌሎቹ እያዩሽ የራስሽን ምስል ከራስሽ መደበቅ ይቻላል፤ ደብቂው። የሚነገረውን በጽሑፍ የሚያሳየውን መግለጫም ክፈቺው።

በእርግጥ ኦንላይን መማር ጥቅም አለው። በአፉ ለመጠየቅ የሚፈራ ተማሪ ቻት ላይ ይጠይቃል። ሌክቸሩ ተቀድቶ መቀመጡም ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ "በኋላ አየዋለሁ" እየተባለ ይከማቻል። ከዚያ ሌሊት ይከፈታል። እየቆመ፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ የአንድ ሰዓቱ ሌክቸር ሦስት ሰዓት ይፈጃል። እንቅልፍሽን የወሰደው አንዱ ነገር ይህ ይመስለኛል። ቀጥታ የሚሰጥ ካለ ቀጥታውን ግቢ። የተቀዳ ብቻ ከሆነ ቀን ላይ ቁርጥ ያለ ሰዓት መድቢለት፤ ላይብረሪ ሄደሽ ብታዪው ደግሞ ይሻላል። አልጋ ላይ ሆነሽ መማሩ ግን ይቅርብሽ።

ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምመክርሽ አንድ ሰውና ቋሚ ሰዓት እንዲኖርሽ ነው። ከክፍልሽ ለአንድ ልጅ በግል ጻፊ፦ "የዚህ ሳምንት ንባብ ከብዶኛል፤ ማክሰኞ ከክፍል በፊት ግማሽ ሰዓት አብረን እንየው?" እንዲህ ሲጻፍላቸው ደስ የሚላቸው ብዙ ናቸው፤ እነሱም ቀድሞ የሚጽፍላቸው ሰው እየጠበቁ ነው። ትልቅ ግሩፕ ውስጥ መግባት ይህን አይተካም። መቶ ሰው ባለበት ግሩፕ መጥፋትሽን ማንም ልብ አይልም። ማክሰኞ የሚጠብቅሽ ልጅ ግን ስትቀሪ ይደውላል።

ኮርስ መጣሉን ግን ቆዪ። የት አገር እንዳለሽ አልጻፍሽም። አሜሪካ በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ ከሆንሽ፣ ከሙሉ ጊዜ ተማሪነት በታች የምትወርጂው የዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ አስቀድሞ ሲፈቅድልሽ ነው። ሳይፈቀድልሽ ከጣልሽ ሕጋዊ ሁኔታሽ ይበላሻል። በጤና ምክንያት ግን ይፈቀዳል፤ የአእምሮ ጤናም ጤና ነው። ፈቃድ ያለው ሐኪም ወይም ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ደብዳቤ ይጽፍልሻል፤ ፈቃዱ በአንድ የትምህርት ደረጃ በድምሩ እስከ 12 ወር ድረስ ይሰጣል። ሌላም ነገር አለ። በመደበኛው ደንብ ከኦንላይን ኮርሶችሽ ወደ ሙሉ ጊዜ ትምህርትሽ የሚቆጠርልሽ በሴሚስተር አንድ ኮርስ ወይም 3 ክሬዲት ብቻ ነው። ኮርሶችሽ እንዴት እንደተመዘገቡ ጠይቂያቸው። በጁላይ 2020 ትምህርታቸው ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሆነ ተማሪዎች አሜሪካ መቆየት አይችሉም የሚል መመሪያ ወጥቶ ነበር። ሃርቫርድና ኤምአይቲ ከሰሱ፣ በሳምንቱ ገደማ ተሰረዘ። የኛ ጭንቀት ከትምህርት አልፎ የመኖሪያ ፈቃድ ጭንቀትም ነውና፣ ሌላ አገር ብትሆኚም መጀመሪያ ጠይቂ፣ ከዚያ ጣዪ።

የዩኒቨርሲቲው ካውንስሊንግ ዘንድ ሂጂ። ብዙ ቦታ ከምትከፍይው የትምህርት ክፍያ ጋር የተካተተ ነው። እንደ ሕይወት አደጋ ያለ ሕጉ የሚለየው ሁኔታ ካልሆነ በቀር የምትነግሪያቸው ነገር ከእነሱ አይወጣም። ትምህርቱን ከሌላ አገር ሆነሽ የምትከታተዪ ከሆነ ግን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ የባለሙያዎቹ ፈቃድ በቦታ የተገደበ ስለሆነ ላያዩሽ ይችላሉ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ለእንዲህ ያለው ጊዜ ወደተዘጋጁት የእርዳታ ስልኮች ደውዪ። አሜሪካና ካናዳ 988፣ እንግሊዝ 116 123፣ አውስትራሊያ 13 11 14 ላይ ቀንም ሌሊትም ይመልሳሉ።

ሌላ አባል፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ቤተሰብ ልጨምር። ሁሉንም ነገር ለሁሉም መናገር የለብሽም። ግን ከቤት አንድ ሰው እውነቱን ይወቅ፤ እህት ትሁን ወንድም፣ ቶሎ የማይደነግጥ ሰው ይሁን። "ደህና ነኝ" ብሎ ከመዝጋት "ትምህርቱ ከብዶኛል፣ እንቅልፍም አጥቻለሁ፣ ባለሙያ ላናግር ነው" ማለት ይቻላል። የሰዓቱ ልዩነት ሌሊት የሚያስደውላቸው ከሆነም የሚደወልበትን ሰዓት ቀይሩት፤ ብታስረጃቸው አይከፋቸውም። የካውንስሊንግ ቀጠሮ ደግሞ ፈተና ሲቃረብ ወረፋው ይረዝማል። ዛሬውኑ ተመዝገቢ።