የ2013ቱን 4ኬ ቴሌቪዥን ጊዜ ያሳለፈበት ማን ነው?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ትናንት አንዱ እዚህ «4ኬ ፊልም አልከፍት ያለው ሰው ጊዜው ያለፈበትን ቴሌቪዥን ጥሎ አዲስ ይግዛ» ብሎ ጻፈ፤ ስንቱ ነው ያጨበጨበለት! በፈረንጆቹ 2013 የገዛሁት ቴሌቪዥን ስክሪኑ 3840 በ2160 ነው፣ እስከ ዛሬ አንድ ነጥብ አልጠፋበትም። የዩኤችዲ ብሉ ሬይ (የ4ኬ ፊልም ዲስክ) ማጫወቻ ስሰካበት ግን ወይ ወደ 1080 ይወርዳል ወይ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ኤችዲሲፒ 2.2 የሚባለው ፊልም እንዳይቀዳ የሚቆልፈው መቆለፊያ የለውማ! ለኤችዲኤምአይ የሚሆነው የኤችዲሲፒ 2.2 ደረጃ የወጣው በዚያው በ2013 ነው፤ ዲስኩ ገበያ የገባው ደግሞ በ2016። ስገዛ ካርቶኑ ላይ «4ኬ» ነበር የሚለው፣ ሌላ ነገር የነገረኝ የለም።

ኤዲተሩ፦ ወንድሜ፣ የፊልም ሠሪውንም ወገን አስብ። እኔ እንጀራዬ ፊልም ኤዲቲንግ ነው። በሲዲው ዘመን ፊልማችን ከሲኒማ ቤት ሳይወርድ ኮፒው አስፋልት ላይ ተዘርግቶ ይሸጥ ነበር። የስንቱ ፕሮዲዩሰር ገንዘብ ቀልጦ ቀረ። የድሮው ኤችዲሲፒ ዋና ቁልፍ በ2010 ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል፣ ኤችዲሲፒን የሠራው ኢንቴልም ትክክለኛው ቁልፍ መሆኑን አምኗል። በወጣ ቁልፍ የፊልሙን 4ኬ ዋና ቅጂ አሳልፋችሁ ስጡ ነው የምትሉት? ጊዜው አልፎበታል ያልኩት ለዚህ ነው፤ አሁንም እላለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ አንተ ነህ እንዴ የጻፍከው! ቁልፉን ያወጣሁት እኔ ነኝ? ሌባው አንዴ መቆለፊያውን ከፈታ በኋላ ፋይሉ ኤችዲሲፒ የሚባል ነገር አይጠይቀውም። ከኮምፒውተር ሰክቶ በእኔው ዓይነት ቴሌቪዥን በሙሉ ጥራት ያያል። ደጅ የሚቀረው ከፍሎ ዲስክ የገዛው ነው።

ጥገና ቤት፦ ሳትጣሉ መጀመሪያ ቴሌቪዥናችሁን ፈትሹ። በ2014 እና በ2015 የወጡት ብዙዎቹ አንድ ቀዳዳቸው ብቻ ነው 2.2 የሚቀበለው። ከጀርባው መብራት አብርታችሁ እዩ፣ ከአንዱ ኤችዲኤምአይ ጎን በደቃቃ ፊደል ተጽፎ ታገኛላችሁ። መሃል ላይ የድሮ የድምፅ ሪሲቨር ካለ ደግሞ እሱ ብቻውን ሁሉንም ያበላሻል፤ ከማጫወቻው እስከ ስክሪኑ ያለው ዕቃ በሙሉ 2.2 መሆን አለበት። ብዙ ማጫወቻዎች ሁለት መውጫ አላቸው፦ ምስሉን በቀጥታ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ድምፁን ብቻ ወደ ሪሲቨሩ ላኩ። ኬብል ቀይሩ የሚሏችሁን አትስሙ።

ዱባይ ነኝ፦ እንዴት አትስሙ ትላለህ? እኔ ኬብል ቀይሬ ነው የተስተካከለልኝ!

ጥገና ቤት፦ ያንተ ሌላ ችግር ነው። 4ኬ በ60 ፍሬም በሰከንድ እስከ 18 ጊጋቢት የሚያሳልፍ ኬብል ይፈልጋል፣ ደካማ ከሆነ ምስሉ ይቆራረጣል። ቁልፉ ግን ያለው ቺፑ ላይ ነው፣ ኬብል ውስጥ ቁልፍ የለም።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ የኔ አንዱም ቀዳዳ 2.2 አይደለም፣ ሁሉንም አይቻለሁ። ግን ሳምሰንግ ለ2013ቱ ኤፍ9000 ቴሌቪዥኑ በማግስቱ ዓመት የሚቀየር የውጭ ሳጥን አውጥቶ 2.2 አድርጎታል። ስክሪኑ ያው የድሮው ነው! ታዲያ ጊዜው ያለፈበት የቱ ነው?

ዱባይ ነኝ፦ 2.2ን ወደ ድሮው ኤችዲሲፒ 1.4 የሚቀይር ትንሽ ሳጥን አለ፣ ግዛና ተገላገል።

ኤዲተሩ፦ ሰውን ወደ ክስ አትምራ። ዋርነር ብራዘርስና የኢንቴሉ የቁልፍ ፈቃድ ሰጪ ድርጅት እንዲህ ያለውን ሳጥን የሚሠራውን ሌጀንድስካይ የተባለውን ኩባንያ ኒውዮርክ ላይ ከሰዋል። የ1998ቱ የአሜሪካ ሕግ መቆለፊያ መስበሪያ መሸጥን ይከለክላል።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ የ1998 ሕግ ጊዜው አላለፈበትም፣ የ2013 ቴሌቪዥን ግን አልፎበታል?

ኤዲተሩ፦ ሕግና ዕቃ አንድ ናቸው እንዴ? ያ ሕግ ባይኖር ለፊልም ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ባልተገኘ ነበር።

ስቶክሆልም፦ ኤዲተሩ፣ «አዲስ ይግዛ» ያልከውን ይዤ ልጠይቅህ። ዩኤችዲ ብሉ ሬይ በኮምፒውተር ለማየት ፕሮሰሰሩ ኤስጂኤክስ የሚባለው የኢንቴል የደህንነት ክፍል እንዲኖረው ግድ ነበር። ሰው ለዚህ ብሎ ሰባተኛውን ትውልድ ኢንቴል ገዛ። ኢንቴል ደግሞ ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ኤስጂኤክስን ከዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ አወጣው። የድሮው ኮምፒውተር ዲስኩን ያጫውታል፣ አዲሱ እምቢ ይላል። ይሄ ሰውዬ የቱን ይጣል?

ኤዲተሩ፦ እህቴ፣ በኮምፒውተር የሚያየው ስንት ሰው ነው? ራሱን የቻለ ማጫወቻ ይግዛ።

ስቶክሆልም፦ ኦፖ በ2018 ማጫወቻ መሥራት አቆመ። ሳምሰንግ በ2019 ለአሜሪካ ገበያ አዲስ ማጫወቻ ማውጣት አቆመ። ቀጥሎ ምን ግዙ ልትለን ነው?