የብር አይሶቶፖች ግማሽ ዕድሜ፦ ግራፌ ለምን ቀጥ አላለም?

ጀማሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስስ የብር ዝርግ ኒውትሮን ምንጭ አጠገብ ለ10 ደቂቃ አቆየንና በጋይገር ቆጣሪ በየ30 ሰከንዱ ቆጠርን። የቆጠራውን ሎጋሪዝም ከጊዜ ጋር ስስለው ቀጥ ያለ መስመር ጠብቄ ነበር። የመጣው ግን መጀመሪያ ቁልቁል የሚወርድ፣ ኋላ ላይ የሚለዝብ ኩርባ ነው። ቆጣሪው ተበላሽቶ ይሆን?

ቤታ፦ ቆጣሪውን ተወው፣ ደህና ነው። ጎብጦ ባይወጣ ነበር የምጠራጠረው። የተፈጥሮ ብር ሁለት አይሶቶፖች (በኒውትሮን ብዛት ብቻ የሚለያዩ ዓይነቶች) አሉት፤ 52 በመቶ ያህሉ ብር-107፣ የቀረው ብር-109 ነው። ኒውትሮን ሲውጡ ጨረር እያወጡ የሚፈርሱት ብር-108 እና ብር-110 ይሆናሉ። የብር-108 ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ እስኪፈርስ የሚፈጀው ጊዜ) 2.4 ደቂቃ ገደማ፣ የብር-110 ደግሞ 24.6 ሰከንድ ነው። አንተ የቆጠርከው የሁለቱን ድምር ነው።

ከጭራው፣ ማለትም ኋላ ላይ ከሚለዝበው ክፍል ጀምር። ከ4 ደቂቃ በኋላ ከብር-110 የሚተርፈው ከሺህ አንድ ያህል ስለሆነ እዚያ ያለው የብር-108 ብቻ ነው ማለት ይቻላል። እሱ ላይ መስመር አስምርና 0.693ን ለስሎፑ (ለመስመሩ ተዳፋት) አካፍል፤ የመቀነስ ምልክቱን እርሳው። ሎጋሪዝምህ በ10 ቤዝ ከሆነ 0.301 ነው። ከዚያ መስመሩን ወደ ዜሮ ሰዓት መልሰህ ዘርጋው። ከመጀመሪያዎቹ ቆጠራዎች መስመሩ የሚሰጥህን ቆጠራ ቀንስ። ሎጋሪዝሙን ሳይሆን ቆጠራውን! የሚቀርህ ብር-110 ነው።

እርሳስ፦ ቤታ ያለው ልክ ነው፣ ግን የአካባቢ ጨረር ካልተቀነሰ ጭራው ራሱ ያታልላል። እሱ ስለማይቀንስ ግማሽ ዕድሜውን አስረዝሞ ያሳይሃል። ብሩ ሳይኖር፣ ምንጩ ከነመከለያው በቦታው እንዳለ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ቁጠር። ሎጋሪዝም ከመውሰድህ በፊት ቀንሰው።

ጀማሪው፦ አመሰግናለሁ። ብር-108 ወደ 2.5 ደቂቃ መጣልኝ! ብር-110 ግን አሁንም አልያዝ አለኝ። ዝርጉን አንድ ሰዓት ባቆየው ይሻላል?

ቤታ፦ ጊዜህን አታባክን። በ10 ደቂቃ ብር-108 ሊደርስበት ከሚችለው 95 በመቶው ላይ ይደርሳል። አንተ የሚያስፈልግህ ተቃራኒው ነው። 1 ደቂቃ ብቻ አቆየው። ብር-110 82 በመቶ ሲሞላ ብር-108 25 በመቶ ላይ ነው፤ ስለዚህ አጭሩ ጎልቶ ይታያል። ደግሞ 24 ሰከንድ የሚኖርን ነገር በ30 ሰከንድ መቁጠር ምን ይሉታል? በየ5 ሰከንዱ አድርገው።

እርሳስ፦ በ5 ሰከንድ ቁጥሩ ያንሳል፣ እሱንም አስብ። 100 ከቆጠርክ ስህተቱ 10 ነው። ሙከራውን ደጋግመህ በተመሳሳይ ሰከንድ የመጡትን ደምራቸው። በተቃራኒው መጀመሪያ ላይ በሰከንድ 500 ከደረሰ የቆጣሪው ዴድ ታይም (አንዱን ከቆጠረ በኋላ ሌላ መቁጠር የማይችልበት ቅጽበት) ይገባል። 100 ማይክሮሰከንድ ከሆነ 5 በመቶ ያህል አምልጦሃል፤ ያኔ ዝርጉን ትንሽ አርቀው።